በሀሊሜ ደጃፍ የተገኘው ገብስ

አሰላ ገበያ ውሎ ሀሊሜ በሶን ሳያይ የተመለሰ ሰው ካለ፣ ወይ ዓይኑን ሐኪም ያሳይ፣ ወይ ደግሞ ገበያ አልዋለም። በርበሬ ተራው መግቢያ ላይ፣ ከጓደኛዋ ከተናኘወርቅ ጎን፣ ሁለት ቁና ከፊቷ አስቀምጣ ትውላለች። አንዱ በሶ ነው፣ አንዱ ቆሎ። ወደ ናዝሬት የሚወርዱት ሾፌሮች ትሬንታ ኳትሮ መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመው፣ ራሳቸው ወርደው፣ ተራ ይዘው ይገዟታል። ዘመኑ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። አሰላ ላይ በሶ ሻጭ ሞልቷል፤ "የሀሊሜ ነው?" ተብሎ የሚጠየቅበት ግን ይኸው አንዱ ነው።

"እንዴት ከረምሽ ሀሊሜ?" ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ "አልሐምዱሊላህ፣ እጄም ደህና ነው።" እጇን ለብቻው መጥራቷ አዲስ ሰው ያስቃል። የሰፈሩ ሰው ግን አይስቅም፤ ከየት እንዳመጣችው ያውቃላ! እነሆ እንዲህ ነው የሆነው።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ያቺ ክፉ ወባ ቆላውን ባረሰችበት ዓመት፣ የሀሊሜ ባል ሀሰኖ እህል ነጋዴ ነበር። ነጋዴ ሲባል ሱቅ ያለው እንዳይመስላችሁ። ሁለት አህያና አንድ ጠንካራ ጀርባ ነበረው፣ አለቀ። ከደጋው ገብስ ጭኖ ወደ ኦጎልቾ ይወርዳል፣ ከዚያ በቆሎ ጭኖ ይወጣል። በመስከረም መጨረሻ ዘፈኑን እያንጎራጎረ የወረደው ሰው፣ በጥቅምት መጀመሪያ አህያው ላይ ተደግፎ መጣ። አሰላ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሱ ግን ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር። በስድስተኛው ቀን አረፈ። ሀሊሜ በሠላሳ ዓመቷ ሁለት ሴት ልጆች ታቅፋ ቀረች።

ቀብሩ ላይ ታላቅ ወንድሙ ጉቱ ከሲሬ መጣ። ጉቱ ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ ከአፉ ቃል ከሚወጣ ከድንጋይ ውሃ ቢወጣ ይቀላል። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ባሉበት ራሱን አቀርቅሮ እንዲህ አለ፤ "ሀሊሜ፣ ሀሰኖ ቢሞት ቤቱ አልሞተም። ዒዳሽን በሰላም ጨርሺ። ከዚያ ከሽማግሌ ጋር እመጣለሁ።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአርሲ ሴት ማንም አይተረጉምላትም። ሟች ወንድም ካለው፣ ሚስቲቱን ዋርሳዋ ያገባታል፤ ልጆቹም ከአባታቸው ዘመድ ሳይወጡ ያድጋሉ። ለክፋት የተሠራ ወግ አይደለም፤ የሙት ልጅ እንዳይበተን ብለው ነው። ሀሊሜ ግን ገና ስትሰማው ጠላችው። አሰላ ያለች ቤቷን ዘግታ፣ ገበያዋን ትታ፣ ሲሬ ወርዳ በጉቱ ሚስት በኢፍቱ ላይ ጣውንት ልትሆን! ኢፍቱ ማለት እኮ ሀሊሜ ሁለቱንም ልጆቿን ስትወልድ ወገቧን የያዘቻት፣ ከእናቷ ልጅ የማትለያት ሴት ናት። "ያ ረቢ፣ ከዚህ አውጣኝ" አለች በልቧ። በአፏ ግን ምን ትበል?

ዒዳ ባል የሞተባት ሴት የምትቆየው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። አትኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ለጋብቻ አትታጭም፣ ቤቷ ትቀመጣለች። ይህንን ሁሉም ያውቃል። በሀሊሜ ሰፈር ግን አዴ ዘይቱና የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከሁሉ ቀድመው የሚሰግዱ፣ ከሁሉ ቀድመው ለቅሶ የሚደርሱ፣ የተጠየቁትንም ያልተጠየቁትንም የሚመልሱ ሴት። እሳቸው የዒዳውን ሕግ ከራሳቸው ጨምረው አወፈሩት።

"ስሚኝ ልጄ" አሏት፣ "ዒዳ ላይ ያለች ሴት የአላህ እንግዳ ናት። እንግዳ ደግሞ ሙቀጫ አይነካም። ከዚህ ቤት የሙቀጫ ድምፅ ከተሰማ፣ 'አላህ አያበላኝም' ማለትሽ ነው። አርፈሽ ቁጭ በይ፤ ሪዝቅሽ፣ የዕለት ምግብሽ፣ ደጃፍሽ ድረስ ይመጣል።"

ሀሊሜ ባሏ ሳለም ለጨው መግዣ ብላ በገበያ ቀን ትንሽ በሶ ትሸጥ ነበር። ያን ዕለት ሙቀጫዋን ገልብጣ ጓዳ ከተተችው። አላህን ትወዳለች፤ በሐዘኗ ላይ ደግሞ እሱን ማስቀየም አልፈለገችም። ደግሞም ከጉቱ የሚያድናት እሱ ብቻ ነው። አዴ ዘይቱና ያሉትን ካደረገች፣ ዝም ብላ ከታመነችው፣ መንገዱን እሱ ያውቅበታል ብላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ሪዝቁ መጣ። ጎረቤቱ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በየተራ ምግብ ያመጣ ነበር። አርባ ቀን ሲያልፍ ግን ሰው ወደየጉዳዩ ተመለሰ። ማንን ትወቅሳለህ? ሁሉም የራሱ ልጅ አለው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሲሟጠጥ ተናኘወርቅ መጣች። ተናኘወርቅ አያቶቿ ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ፣ በርበሬ የምትሸጥ፣ ምላሷም እንደዚያው የሚፋጅ ሴት ናት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል? ሾፌሮቹ 'ሀሊሜ የት ገባች' እያሉ ጆሮዬን በሉት። ቦታሽን ሌላ እንዳይዘው ባዶ ቁና አስቀምጬ እየተጣላሁልሽ ነው። እስከ መቼ?"

"አላህ ያውቃል" አለች ሀሊሜ።

"እሱማ ያውቃል! እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።"

ሀሊሜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ተናኘወርቅም ያመጣችውን ሽሮ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እየተቆጣች ወጣች።

ታዲያ በማግሥቱ ምን ይሆናል? ሀሊሜ የሱብሒ ሶላቷን ሰግዳ በሩን ስትከፍት ደጃፉ ላይ ጆንያ ተቀምጧል። ግማሽ ጆንያ የሚሞላ ንጹሕ ገብስ! ግራ ቀኝ አየች፤ ሰው የለም። እዚያው ደጃፏ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለቅሶው የደስታ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እንደገና። በሦስተኛውም እንደዚያው። የላከው አይታይ፣ ድምፅ አይሰማ።

አዴ ዘይቱና ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ። "ሱብሃነላህ! አላልኩሽም? አላልኩሽም?" እያሉ ሄዱ፤ ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያማ የሀሊሜ ቤት ደጅ መጥኛ ሆነ። አንዷ ለበረካ ብላ አንድ እፍኝ ገብስ ትወስዳለች፣ ሌላዋ ለታመመ ልጇ ትወስዳለች። አዴ ዘይቱና ራሳቸው ሁለት እፍኝ ወስደው ሦስት ዓመት ላልወለደች ላማቸው አበሉ። ሀሊሜም፣ እውነቱን እንናገር፣ ትንሽ ደስ አላት። ገብስ ከሰማይ የሚወርድላት ሴት መሆን ማን ይጠላል? ልጆቿን ሰብስባ "አያችሁ፣ አላህ ለሚታመኑበት እንዲህ ነው" ትላቸው ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ጎህ ሲቀድ ትንሿ ልጇ እያሳላት ነቃች። ሀሊሜ ውሃ ልታመጣ ስትነሳ ከውጭ የአህያ ኮቴ ሰማች። "ቢስሚላህ" ብላ በሩን ከፈተችው።

መልአክ አልነበረም። ኢፍቱ ናት። ጆንያውን ከአህያዋ ለማውረድ እየታገለች፣ አቅም አንሷት አህያዋ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆማለች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ የለበሰችው ጋቢ ከሰውነቷ ይበልጥ ይከብዳል። ሀሊሜ ሮጣ አቀፈቻት። እንደ እሳት ታቃጥላለች።

"ወባ ነው" አለች ኢፍቱ እየተንቀጠቀጠች፤ "ሲሬም ገብቷል። በሞቴ፣ አየኋት ብለሽ ለጉቱ እንዳትነግሪ። ዒዳ ላይ ያለችን ሴት በእህል አባበላት እንዳይሉት ብሎ ነው ማንም ሳያይ አድርሺ የሚለኝ።"

ሀሊሜ ወደ ቤት አስገብታ እሳቱ ዳር አስቀመጠቻት። ትኩስ ነገር ስትጠጣ ትንሽ ነፍስ ዘራች፤ የተጠየቀችውንም ተናገረች። በሽታው የገባው በአጨዳው ሰዓት ነው። የሚያጭድ ጠፍቶ ግማሹ ሰብል ማሳው ላይ ረገፈ። ከተሰበሰበችው ትንሽ ላይ ነው ጉቱ በየሳምንቱ እየሰፈረ የሚልከው። የኢፍቱ አምስት ልጆች በቀን አንዴ ነው የሚበሉት። ታሞ የተነሳው ትልቁ ልጇ ገና ቆሞ አይሄድም።

"ግድ የለም" አለች ኢፍቱ፣ "ዒዳሽ ሲያልቅ ትመጫለሽ፣ ያለችውን አብረን እንበላለን።"

ሀሊሜ የምትገባበት ጠፋት። ስታመሰግንበት የከረመችው ገብስ ከኢፍቱ ልጆች ጉሮሮ የወጣ ነው! ሰፈሩ ለበረካ እፍኝ እፍኝ ያነሳው፣ የአዴ ዘይቱና ላም የበላችው! ኢፍቱ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ይህች ሴት ግን ታማ ሌሊቱን ተጉዛ፣ ይባስ ብላ ታጽናናታለች።

"ኢፍቱ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እንድመጣ ትፈልጊያለሽ?"

ኢፍቱ የሀሊሜን እጅ ያዘች። ከዚያ በኦሮምኛ "ሀሊሜ ኮ" አለቻት፣ የእኔ ሀሊሜ ማለቷ ነው። "አልፈልግም። አላህ ይቅር ይበለኝ። እህቴ ሆነሽ ነው የምወድሽ፤ ጣውንቴ ሆነሽ እንዳልጠላሽ እፈራለሁ።"

"ጉቱስ?"

"እሱ ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል? ይሰግዳል፣ ያርሳል፣ ዝም ይላል።"

ሀሊሜ ገብሱን እንዳለ መልሳ ልትጭንላት ስትል ኢፍቱ እምቢ አለች፤ ይዤ ብመለስ ጉቱ ይጠይቀኛል አለች። ተከራክረው ተከራክረው ግማሹን ተካፈሉ። ኢፍቱን ሸኝታ ስትመለስ ሀሊሜ ቤት አልገባችም። ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ራሷን ተከናንባ፣ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢዋ ወጣች። ወደ ሼህ ከዲሮ ሄደች።

ሼህ ከዲሮ ኪታብ የሚያስቀሩ፣ ማለትም የሚያስነብቡ፣ ሽማግሌ ናቸው። ሲያስተምሩ እጃቸው አይቦዝንም፤ ቃጫ እያከረሩ ገመድ ይሠራሉ። ሰው የሚያመጣላቸውን ሰደቃ ለተማሪዎቹ ያካፍላሉ፣ ራሳቸው ግን የሚበሉት ገመዳቸውን ሸጠው ነው። ሀሊሜ በራፋቸው ላይ ቆማ አለቀሰችባቸው።

"ሼህ፣ ዒዳዬን ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ለዚህ ዱዓ ያድርጉልኝ።"

"ለምን ወጣሽ?"

"ለመጠየቅ።"

"ለመጠየቅ መውጣት ኃጢአት ነው ያለሽ ማነው?"

"አዴ ዘይቱና።"

ሼሁ ፂማቸው ውስጥ ሳቁ። "እኚያ ሴት ልባቸው ንጹሕ ነው፤ ኪታቡን ግን መቼ እንደቀሩት አላህ ይወቅ። ሌሊትሽን ቤትሽ እደሪ እንጂ፣ የሚያበላሽ የሌለሽ ሴት ቀን ወጥተሽ እንጀራሽን ብትፈልጊ ማንም አይከለክልሽም። ቤት ሆኖ መሥራትማ ጥያቄም አይደለም። በይ ቁጭ በይና ንገሪኝ።"

ሁሉንም ነገረቻቸው። የደጃፉን ገብስ፣ የኢፍቱን ትኩሳት፣ የጉቱን ቀጠሮ። "እኔ እኮ አላህ የላከው መስሎኝ ነው" አለች ፊቷን ሸፍና።

"አላህ ነዋ የላከው" አሉ ሼሁ፤ "ሌላ ማን ይልካል? ምስጋናሽን መልሰሽ አትውሰጂ፣ በቦታው ነው ያረፈው። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አላህ ሪዝቅሽን በኢፍቱ አህያ ጀርባ መላክ ከቻለ፣ በራስሽ እጅ መላክ ያቅተዋል? እጅሽ ከአህያ ያንሳል?"

ሀሊሜ እያለቀሰች ሳቀች። ሼሁ ግን አልሳቁም፤ የሚያከርሩትን ቃጫ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ተወኩልሽን፣ በአላህ መታመንሽን፣ አልነካብሽም ልጄ። ልብሽ አላህ ላይ ይደገፍ፣ እስከ መጨረሻው ይደገፍ። እጅሽ ግን ሰው ላይ መደገፉን አላየሽም ነበር፤ አሁን አይተሻል። ስለ ጉቱ ደግሞ ስሚኝ። ያለ ፈቃድሽ ኒካህ፣ የጋብቻ ውል፣ የለም፤ ዋርሳ ይሁን ሹም ይሁን። ግን 'እምቢ' ስትያቸው ሽማግሌዎቹ አንድ ጥያቄ ይጠይቁሻል፤ 'የወንድማችንን ልጆች በምን ታሳድጊያለሽ?' ይሉሻል። መልስ ከሌለሽ ልጆቹን ይወስዳሉ፤ አንቺም እየተጎተትሽ ትከተያለሽ። ሁለት ወር ከምናምን ይቀርሻል። መልሱን አዘጋጂ።"

ቤቷ ስትገባ ሙቀጫውን ከጓዳ አወጣችው።

የበሶ ሥራ ቀላል የሚመስለው በጥብጦ ለሚጠጣው ነው። ገብሱ ይለቀማል፣ ረጠብ ተደርጎ ይሸከሸካል፣ ገለባው ይነፋል፣ ይሰጣል። ከዚያ መቁላቱ ነው፤ የሀሊሜ ሙያ እዚህ ላይ ነው። እሳቱ ከበዛ ውጭው አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ካነሰ ደግሞ ዱቄቱ ጣዕም የለውም። እሷ ታምሳለች፣ ትሰማለች፤ ገብሱ መንጣጣቱን ሲያቆም ታወርዳለች። ከዚያ ወፍጮ፣ ከዚያ ወንፊት። የመጀመሪያ ቀን ክንዷ ዝሎ ማንኪያ አላነሳ አላት። ግን ሁለት ወር ሙሉ ሳትተኛ ያደረች ሴት ያን ዕለት እንደ ሕፃን ተኛች።

የሙቀጫው ድምፅ በተሰማ በሰዓቱ አዴ ዘይቱና ደረሱ። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ "የአላህ እንግዳ! የአላህ እንግዳ ሙቀጫ ላይ!" እያሉ ገቡ። ሀሊሜ ዘነዘናዋን ሳታስቀምጥ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ገብሱ ከሰማይ ሳይሆን ከሲሬ እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ እነማን ጦማቸውን አድረው እንደተላከ። አዴ ዘይቱና በርጩማው ላይ ዘጭ አሉ። ለረጅም ጊዜ ቃል አልወጣቸውም፤ ይህ በሰፈሩ ታሪክ ያልታየ ነገር ነው።

"እና... ላሜስ?" አሉ በመጨረሻ።

"ላምዎ ምን ሆነች?"

"አርግዛለች እኮ!"

"እንኳን ደስ ያለዎት። የኢፍቱ ገብስ ነው፤ ለኢፍቱ ዱዓ ያድርጉላት።"

አዴ ዘይቱና እንባቸው መጣ። ክፉ ሴት አይደሉም። በማግሥቱ ምርኩዛቸውን ጥለው ወንፊት ይዘው መጡ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በሶውን የሚነፉላት እሳቸው ሆኑ፤ ምላሳቸውም አብሮ ይነፋ ነበር።

ወሩ የክርስቲያኖቹ የነቢያት ጾም ነበር። ቅቤ የሌለበት በሶ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ ተናኘወርቅም በበርበሬዋ ጎን የሀሊሜን ቁና ዘርግታ "ኑ፣ ጾመኛ ሁሉ ኑ!" እያለች ትጣራለች። ኋላ ሀሊሜ ራሷ በገበያ ዕለት ቀን ቀን ብቅ ማለት ጀመረች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ከመጀመሪያው ሽያጭ ላይ የወባ ኪኒን ገዛች፤ ከአንድ ስልቻ በሶ ጋር አድርጋ ሲሬ ለሚወርድ ሰው ለኢፍቱ ላከች። "ከእንግዲህ ገብስ ይዘሽ ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም" አለቻት በቃል መልእክት።

ሁልጊዜ ቀና ነበር ብል ውሸት ነው። በጥር አጋማሽ መንገዱ ላይ አንድ ድልድይ ተበላሽቶ መኪና ለዘጠኝ ቀን ቀረ። ጾሙም ተፈትቷል። አንድ ጆንያ ሙሉ በሶ ቤት ተቀመጠ። ሀሊሜ እየተነሳች ጆንያውን ትዳስሳለች፤ ነቀዘ፣ አልነቀዘም፣ ትላለች። "ሥራማ ሠራሁ፤ አሁን ደግሞ ምን ላድርግ?" ብላ ስታማርር ተናኘወርቅ ሰማቻት።

"ያኔ እጅሽን አጣጥፈሽ 'አላህ ያውቃል' ስትይኝ አበድሽ ብዬ ነበር። ዛሬ ነው ይህን ቃል የምትይበት ቀን። በይ በይው!"

ሀሊሜ አፍራ ሳቀች። እውነት ነው፤ በሶ መቁላት የእሷ ነው፣ መኪና ማምጣት ግን የእሷ አይደለም። ያን ዕለት ሰግዳ "ያ ረቢ፣ የኔን ጨርሻለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው" አለች፤ ሁለተኛም ጆንያውን አልዳሰሰችም። በአሥረኛው ቀን መኪኖቹ ተከታትለው መጡ፤ የተራበ ሾፌር ሁሉ እየተጋፋ ገዛ። አልሐምዱሊላህ።

ዒዳዋ በየካቲት አጋማሽ አለቀ። ታጥባ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ቤቷን ጠርጋ ጠበቀች። ጉቱ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከሲሬ መጣ። እንደ ወጉ ኢፍቱም መጥታለች፤ ጣውንቷን ልትቀበል! ከበሽታዋ ድናለች፤ ፊቷ ግን የለቅሶ ቤት ፊት ነው። ወንዶቹ ባሉበት አልገባም ብላ ደጅ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ሀሊሜ ለሽማግሌዎቹ በሶ በቅቤ አሽታ፣ ከማር ውሃ ጋር አቀረበች። ከሲሬ በእግር የመጡ ሰዎች ናቸው፤ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ሁለቱ ልጆቿ ጉልበቷን ይዘው ቆመዋል። ዛሬ ከዚህ ቤት የምትወጣው ልጆቿን ይዛ ወደ ሲሬ ነው፣ ወይም ልጆቿ ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ ወይም...

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ጉደታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ዒዳሽን በክብር ጨርሰሻል። እነሆ የባልሽ ወንድም መጥቷል። ቤቱን ሊያቀና፣ ልጆቹን ሊሰበስብ መጥቷል። ምን ትያለሽ?"

"አባቴ፣ ዋርሳዬን አከብራለሁ። እሱ ያደረገልኝን አላህ ይክፈለው፤ እኔ አውቄዋለሁ። ግን አልሄድም። ቤቴ እዚህ ነው፤ ልጆቼንም እዚህ አሳድጋለሁ።"

አባ ጉደታ ግንባራቸው ተቋጠረ። "ቃል ቀላል ነው። የወንድማችንን ልጆች በምን ታሳድጊያቸዋለሽ?"

"አሁን በበሉት፣ አባቴ።"

አባ ጉደታ ባዶውን ሳህን አዩ። ሌሎቹም አዩ። አንደኛው ጣቱ ላይ የቀረውን ሳያስበው ላሰ።

"ይህን... አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"እኔ ነኝ። ከናዝሬት እስከ አሰላ ያለ ሾፌር ይበላዋል። ልጆቼ በቀን ሦስቴ ይበላሉ፤ ይዩዋቸው። እናንተም አባቶቻቸው ናችሁ፤ በፈለጋችሁ ቀን መጥታችሁ ጠይቋቸው፣ ገስጿቸው። ዘመድነቱን አልቆረጥኩም።"

ሁሉም ወደ ጉቱ ዞሩ። ሰው ፊት እምቢ የተባለ ወንድ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ጉቱ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ተከናነበ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሀሊሜ ተዋረደብኝ ብላ ደነገጠች። ወዲያው ከጋቢው ውስጥ ድምፅ ወጣ።

"አልሐምዱሊላህ!"

አባ ጉደታ አፋቸውን ከፈቱ። "ምን አልክ?"

ጉቱ ፊቱን ገለጠ። በዚያ ዝምተኛ ፊት ላይ እንባው ይወርዳል። "አልሐምዱሊላህ አልኩ! አባቴ፣ ሌላ ሚስት የማኖርበት ምን አለኝ? ልጆቼን ማጥገብ አቅቶኛል። የወንድሙን ቤት ጣለ እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልኩ። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር 'ያ አላህ፣ አንተ መላ ምታልኝ' እል ነበር። አራት ወር ሙሉ!"

"እና ለሰው ለምን አይናገሩም ነበር?" አለች ሀሊሜ፤ እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰችም ነው። "ዱዓዎን አላህ ሰምቶልዎታል፤ ግን ወንድሜ፣ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ሁላችንም እንቅልፍ እንተኛ ነበር!"

"መላው ይመጣል ብዬ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነበር" አለ ጉቱ እንደ ልጅ አፍሮ።

"እኔም እንደዚያው ነበርኩ" አለች ሀሊሜ።

መጀመሪያ የሳቁት አባ ጉደታ ናቸው። እሳቸው ሲስቁ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ያኔ ከደጅ እልልታ ተሰማ። ኢፍቱ ናት፤ ግድግዳው ስር ሆና አንድ ቃል ሳይቀራት ሰምታለች። እልልታዋ ሰፈሩን ነቀነቀው። እልልታ የሰማ ጎረቤት ደግሞ ምን ይላል? ኒካሁ ታሰረ ብሎ ከየቤቱ እየሮጠ መጣ። ከሁሉ ፊት አዴ ዘይቱና ወንፊታቸውን እንደያዙ ከተፍ አሉ።

"ታሰረ? ኒካሁ ታሰረ?"

ኢፍቱ አዴ ዘይቱናን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ግራ ቀኝ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

"አልታሰረም!" አለች እየጮኸች፤ "አልታሰረም፣ አልሐምዱሊላህ!"